ቡናው የማን ነው? የፍትሃዊ ንግድ ቡና መንገድ

"ይህ ቡና የማን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ጠጪ ሲበዛ፣ ነጋዴውም ከማን እንደሚገዛ ማሰብ ይጀምራል። ፌርትሬድ ወይም ፍትሃዊ ንግድ የምንለው አሠራር የመጣው ከዚህ ጥያቄ ነው። በዚህ አሠራር በተገዛ ቡና ላይ የሚለጠፈው ማኅተም በ1988 እ.ኤ.አ. (ከታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኔዘርላንድስ ማክስ ሃቭላር በሚል ስም ተጀመረ። የመጀመሪያው ቡና የሜክሲኮ ትናንሽ ገበሬዎች ምርት ነበር።

በዓመቱ፣ ዋጋ እንዳይወድቅ አገሮች የሚልኩትን ቡና የሚገድበው የዓለም የቡና ኮታ ፈረሰ። በ2001 የአንድ ፓውንድ አረቢካ ዋጋ ኒውዮርክ ላይ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ሐረርጌ ውስጥ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ስንቱ ነው!

ፌርትሬድ ለዚህ የወለል ዋጋ፣ ማለትም ገዢው ከዚያ በታች የማይከፍልበትን ዋጋ፣ አበጀ። ለታጠበ አረቢካ ወለሉ በኦገስት 2023 በፓውንድ 1.80 ዶላር ሆነ። ገበያው ከዚያ ከበለጠ ገዢው በገበያው ዋጋ ይከፍላል። በዚያ ላይ በፓውንድ 20 ሳንቲም ለገበሬዎቹ ማኅበር ይጨመራል። ገንዘቡ ምን ይሠራበት የሚለውን አባላቱ በጉባኤ ይወስናሉ። ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያም ሊሆን ይችላል።

የነጋዴውን መንገድ የሚቀይረው ግን ሌላ ደንብ ነው። በዓለም አቀፉ ሥርዓት የቡና ማኅተም የሚያገኙት የትናንሽ ገበሬዎች ማኅበራት ብቻ ናቸው። ስለዚህ አስመጪው ማኅበሩን ፈልጎ ማግኘት አለበት።

በእኛ አገር ይህን በር የከፈቱት ዩኒየኖች ናቸው። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በ1999፣ የይርጋጨፌው ደግሞ በ2002 ተቋቋሙ። በተለመደው መንገድ እሸቱ ከገበሬው ወደ ሰብሳቢ፣ ከዚያ ወደ አቅራቢና ላኪ ይሄዳል። በ2008 ምርት ገበያ ሲመጣ ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተደባለቀ ይሸጥ ጀመር፤ የገበሬው ማንነት ጠፋ። ዩኒየኖቹ በቀጥታ መላክ ስለተፈቀደላቸው የእነሱ ቡና ባለቤቱ ይታወቅ ነበር። የሌላውም መነሻ እንዲታወቅ የተፈቀደው በ2017 ማሻሻያ ነው። በእኔ እምነት የቡናው ባለቤት መታወቁ ከወለል ዋጋው አያንስም።

ያም ሆኖ ማኅተም ያለው ማኅበር ቡናውን ሁሉ በፌርትሬድ ዋጋ አይሸጥም። ጠጪው የፈለገውን ያህል ብቻ ይገዛለታል፤ የቀረው በተራው ገበያ ይወጣል።

አሁን ደግሞ ደን ተመንጥሮ የለማ ምርት ወደ ገበያው እንዳይገባ በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ አለ። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ቢራዘምም፣ ቡናው የበቀለበት መሬት መገኛ ይመዝገብ ይላል። ግማሽ ሄክታር ላይ ከዛፍ ጥላ ስር ለሚለቅም ሰው፣ የልኬቱን ወጪ ማን ይሸፍናል? አስመጪው ወደ ላኪ፣ ላኪው ወደ ማኅበሩ ከገፋው፣ የሚከፍለው ያው ገበሬው ነው።