አዴኖማዮሲስ፦ በሰፈር የሚነገረውና እውነታው

በኮዬ ፈጬም ሆነ በቱሉ ዲምቱ፣ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ከአልጋ መነሣት የሚያቅታት ሴት ከእናት፣ ከአክስትና ከጎረቤት የምትሰማው ምክር «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚል ነው። አዴኖማዮሲስ ግን የማህፀንን የውስጥ ገጽ የሚሸፍነው ኅብረ ሕዋስ በማህፀኑ ጡንቻ ውስጥ ሲገኝ የሚከሰት ሕመም ሲሆን፣ በብዛት የሚታወቀውም በወለዱ ሴቶች ላይ ነው፤ ስለዚህ መውለድ መድኃኒቱ ሊሆን አይችልም። ጡንቻው ስለሚወፍርና ማህፀኑ ስለሚያብጥ ቁርጠቱ ይበረታል፣ ደሙም ይበዛል። በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ወይም ከ7 ቀን የሚያልፍ ፍሰት «የሴት ዕጣ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬድ ምልክት ነው።

«ዕጢ ነው፤ ቆርጠው ያውጡልሽ» የሚሉም አሉ። ማዮማ የሚባለው ዕጢ ዳር ድንበሩ የታወቀ እብጠት በመሆኑ ከጡንቻው ተለይቶ ሊወጣ ይችላል፤ አዴኖማዮሲስ ግን ብዙውን ጊዜ በጡንቻው ውስጥ ተሰራጭቶ ስለሚገኝ እንዲህ ለይቶ ማውጣት ያስቸግራል። ሁለቱ በአንዲት ሴት ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። በሆድ ላይ የሚደረግ አልትራሳውንድ ሕመሙን ሊያልፈው ስለሚችል፣ «ምንም የለብሽም» ተብላ ሥቃዩ ያልተዋት ሴት በብልት በኩል ስለሚደረገው አልትራሳውንድ ወይም ስለ ኤም አር አይ ሐኪሟን ብትጠይቅ መልካም ነው። ሕመሙ ካንሰር አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ «መፍትሔው ማህፀንን ማውጣት ብቻ ነው» የሚለው ነው፤ ይህን የሰሙ ሴቶች ፈርተው ከሐኪም ይርቃሉና። ኢቡፕሮፌን የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ለሌለባት ሴት ቁርጠቱን ያስታግሳል፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ ደም በሚፈስባቸው ቀናት ተወስዶ ፍሰቱን ይቀንሳል። ሌቮኖርጀስትሬል የተባለ ሆርሞን የሚለቀው፣ በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ለብዙዎች ሕመሙንም ደሙንም የሚያቀል ሕክምና ሲሆን፣ መዳብ ያለው ሉፕ ግን ደሙን ሊያበዛ ስለሚችል ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ትልቅ ስሕተት ነው። በሆርሞን ምክንያት የወር አበባ ሲቀር «ደሙ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል» የሚባለውም መሠረት የለውም፤ የማህፀኑ ሽፋን ስለሚሳሳ የሚፈስ ነገር አይኖርም። ሉፑም ሆነ ለዚሁ ሕመም የሚታዘዙት የሆርሞን እንክብሎች እርግዝናን ስለሚከለክሉ ልጅ የምትፈልግ ሴት ይህንን አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት።

ሌላው አልረዳ ሲልና መውለድ ሲበቃ ማህፀንን ማውጣት ሕመሙን ከሥሩ ይነቅላል። ያን ጊዜም ቢሆን እንቁላል አመንጪዎቹ ካልወጡ ሴቲቱ በአንድ ጊዜ ወደ ማረጥ አትገባም፤ ሴትነቷም አይጎድልም።

ጸበል የጀመረች ሴት መድኃኒት ማቆም አለባት የሚል ሐሳብም ይሰማል። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ማስተማራቸው ለዚህም ይሠራል።

በመጨረሻም፣ ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት ቀይ ሥር እንድትጠጣ ትመከራለች፤ ይሁን እንጂ ቀይ ሥር ያለው ብረት ጥቂት በመሆኑ ቀለሙ የጠፋውን ደም አይተካም። የደም ማነስ በምርመራ ከተገኘ የሚታዘዘው የብረት ኪኒን ከቡናና ከሻይ ቢያንስ በ1 ሰዓት ተራርቆ ይወሰድ፤ ሰገራን ቢያጠቁር አያስደንግጥ።