ስለ ሥነ ልሳን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ተማሪ «ሥነ ልሳን ነው የማጠናው» ቢል፣ ቀጣዩ ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «እና ስንት ቋንቋ ትችላለህ?» ከዚያው እንጀምር።

«የሥነ ልሳን ባለሙያ ብዙ ቋንቋ ይናገራል»

የግድ አይደለም። ሐኪም ስንት በሽታ እንደታመመ አይጠየቅም። ሥነ ልሳን የሚመረምረው ቋንቋ እንዴት እንደሚሠራ ነው፤ ድምፁን፣ የቃሉን አመሠራረት፣ የዓረፍተ ነገሩን አወቃቀር፣ ትርጉሙን። አማርኛ ብቻ ለሚችል ሰውም ዕድሜ ልክ የማያልቅ ሥራ አለ።

«ሥራው የገጠሩን አነጋገር ማረም ነው»

እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። የመንዝ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ ሲያወራ የሚስቅበት አይጠፋም። የከተማው አነጋገር መለኪያ የሆነው ግን ቤተ መንግሥቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሬዲዮውም እዚያ ስለነበሩ ነው። በቋንቋነቱ ከመንዙ አይበልጥም።

ሥነ ልሳን ሰው የሚናገረውን እንዳለ ይመዘግባል፣ ከዚያ ሕጉን ይፈልጋል። ሕጉ ደግሞ አለ። የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ የመንዝ እረኛ ሁላችንም የምናውቀውን በግ «በጉ» ይላል። ቀለሙን ሲጨምርበት «ጥቁሩ በግ» ነው የሚለው። ያቺ «ኡ» ከስሙ ለቅቃ ቅጽሉ ላይ ዐረፈች። ማን አስተማረው? ማንም። «ቅጽል» የሚባል ነገር ሰምቶም ላያውቅ ይችላል። ይህን እንዴት ዐወቀ? ሌሎች ቋንቋዎችስ ያንኑ ነገር በምን ይገልጹታል? ትምህርቱ የሚጀምረው እንዲህ ካሉ ጥያቄዎች ነው።

«ቋንቋ ማለት ፊደሉ ነው»

ሀ፣ ሐ እና ኀ በዛሬው አማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው። በአንጻሩ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ጆሮ ይለየዋል፣ ፊደላችን አያሳየውም።

«ጽሕፈት የሌለው ሰዋስው የለውም» የሚሉም አሉ። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ በ1839 እ.ኤ.አ. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ መጣ። አንኮበር ተቀምጦ ኦሮምኛን ከተናጋሪዎቹ አፍ ተማረ። በዓመቱ የኦሮምኛን ሰዋስው የሚያስተዋውቅ አጭር መጽሐፉ ለንደን ላይ ታተመ። ሰዋስውን እሱ አልፈጠረላቸውም፤ ድሮም ነበራቸው። (የምልክት ቋንቋም የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው።)

«አማርኛ የግዕዝ ልጅ ነው»

አማርኛ ከግዕዝ ብዙ ቃል ወስዷል፣ በተለይ በቤተ ክርስቲያን በኩል። አብዛኞቹ አጥኚዎች ግን ሁለቱን የአንድ ቤተሰብ ሁለት ቅርንጫፎች ያደርጓቸዋል። ግዕዝን ከትግርኛና ከትግረ ጋር፣ አማርኛን ከአርጎብኛና ከሐረሪ ጋር ይመድባሉ። የአማርኛ የቅርብ ዘመድ አርጎብኛ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ አካባቢ ያሉት አርጎባዎች ግን አብዛኞቹ ዛሬ አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። አርጎብኛን በጆሮው መስማት የፈለገ ወደ ወሎ፣ ወደ ሾንኬ ቢዘልቅ ይሻለዋል።