የልጅን የኦቲዝም ምርመራ ውጤት ማንበብ፦ ባሕር ዳር ላሉ ወላጆች

ኦቲዝም ከሰው ጋር መግባባትን የሚያስቸግር፣ የሚደጋገም ባህሪም የሚታይበት የአእምሮ ዕድገት ሁኔታ ነው። በደም ምርመራም ሆነ በራጅ አይታወቅም። ባለሙያው ልጁን አይቶ፣ አብሮት ተጫውቶ፣ ወላጁን ብዙ ነገር ጠይቆ የሚደርስበት ድምዳሜ ነው። ስለዚህ ውጤቱ እንደ ላቦራቶሪ ወረቀት "ፖዘቲቭ" ወይም "ኔጋቲቭ" ብሎ አያበቃም። ቁጥር አለው፣ ስለ ልጁ የተጻፈ ገለጻ አለው፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ምክር አለው። መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ቁጥሩ ነው። ብዙ ወላጅም እዚያው ላይ ደንግጦ ይቀራል። እኔ ግን ከገለጻው እንዲጀመር እመክራለሁ። ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ገለጻውና የልጁ የዕለት ኑሮ ሲደግፉት ብቻ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ መንገዱ የሚጀምረው ከቤት ነው። ልጁ ስሙን ሲጠሩት አይዞርም። ወይም የጀመራቸው ጥቂት ቃላት ይጠፋሉ። ወይም ቀኑን ሙሉ የመኪና ጎማ ሲያሽከረክር ይውላል። አያት "ተዉት፣ አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው" ይላሉ። ሌላው ቴሌቪዥንና ስልክ ላይ ያላክካል። ከዚያ ጤና ጣቢያ ይኬዳል፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሪፈር ይጻፋል። አቅሙ ያለው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይሄዳል። በአገራችን የኦቲዝም ነገር በአደባባይ እንዲወራ ትልቁን ሥራ የሠሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ራሳቸው የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ። ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈቱትም አዲስ አበባ ነው።

ወረቀቱ እጅ ላይ ሲገባ መጀመሪያ መለየት ያለበት ነገር አለ። ይህ ቅድመ ልየታ ነው ወይስ ሙሉ ምርመራ? ለምሳሌ ኤም-ቻት የሚባለው መጠይቅ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት ነው። ለወላጅ የሚቀርቡ 20 ጥያቄዎች አሉት። ከ0 እስከ 2 ከወጣ ሥጋቱ ዝቅተኛ ነው። ከ3 እስከ 7 ከሆነ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠየቃል። 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በቀጥታ ወደ ሙሉ ምርመራ ይላካል። 9 ያመጣ ልጅ ግን ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም፤ በደንብ ይታይ ማለት ነው። በዚህ መጠይቅ ብቻ "ኦቲዝም ነው" የተባለ ወላጅ ሙሉ ምርመራ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው።

ሙሉ ምርመራው የሚመዘነው በሁለት ትልልቅ መመሪያዎች ነው። አንዱ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ዲኤስኤም-5 ነው። ሌላው የዓለም ጤና ድርጅት አይሲዲ-11 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ሁለቱም ሁለት ነገር ይፈልጋሉ። አንደኛው ከሰው ጋር የመግባባት ችግር ነው። ሁለተኛው የሚደጋገም ባህሪና ጠባብ ፍላጎት ነው፤ በድምፅ፣ በብርሃን፣ በልብስ ጨርቅ ወይም በምግብ ሸካራነት ከመጠን በላይ መረበሽም እዚህ ውስጥ ይገባል። ቀድሞ "አስፐርገር" ይባል የነበረው ዛሬ በዚሁ በኦቲዝም ሥር ተጠቃሏል። በቆየ ወረቀት ላይ ያን ስም ያየ ሰው ሌላ በሽታ ነው ብሎ አይደናገር።

በዲኤስኤም-5 መሠረት "ደረጃ 1"፣ "ደረጃ 2" ወይም "ደረጃ 3" ሊጻፍ ይችላል። ደረጃ 1 ድጋፍ ያስፈልገዋል፣ 2 ጠበቅ ያለ ድጋፍ፣ 3 ደግሞ እጅግ ጠበቅ ያለ ድጋፍ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ለመግባባቱና ለተደጋጋሚ ባህሪው ለየብቻ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ልጅ በአንዱ 3፣ በሌላው 2 ሊሆን ይችላል። ደረጃው የልጁን ብልህነት አይለካም። ልጁ ሲያድግና ድጋፍ ሲያገኝም ሊለወጥ ይችላል። የማሰብና የመማር አቅም ውስንነት ካለ ለብቻው ተለይቶ መጻፍ አለበት፤ የቋንቋ መዘግየትም እንዲሁ። ካልተጻፈ ይጠየቅ።

ቁጥሮቹ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ በትምህርት ቤት ማርክ ስላደግን ብዙ ያገኘ አለፈ፣ ትንሽ ያገኘ ወደቀ ብለን ነው የምናነብበው። ካርስ የሚባለውን የኦቲዝም ምልክት መለኪያ እንይ። የሚመዘኑ 15 ነገሮች አሉት፣ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል። ስለዚህ ምንም ምልክት የሌለበት ልጅ እንኳ 15 ያገኛል። ከፍተኛው 60 ነው። ከ30 በታች ኦቲዝምን አያመለክትም። ለትንንሽ ልጆች ከ30 እስከ 36.5 ቀላልና መካከለኛ፣ 37 እና በላይ ከባድ ምልክት ተብሎ ይነበባል። "ከ60 38 አመጣ" ሲባል ከግማሽ በላይ አገኘ ብሎ የተጽናና አባት ተገላቢጦሽ አንብቦታል።

የማሰብ ችሎታና የዕለት ኑሮ ክህሎት መለኪያዎች ደግሞ በሌላ መንገድ ይሄዳሉ። አማካያቸው 100 ነው። ከሦስት ልጆች ሁለቱ ገደማ በ85 እና በ115 መካከል ይውላሉ። ከ70 በታች የሚሆኑት ከመቶ ሁለት ያህል ናቸው። "16ኛ ፐርሰንታይል" ከተባለ ከ100 እኩዮቹ 16ቱ ከእሱ እኩል ወይም በታች ናቸው ማለት ነው እንጂ ፈተና ላይ ከመቶ 16 አገኘ ማለት አይደለም። የ7 ዓመት ልጅ "ቋንቋው እንደ 3 ዓመት ልጅ ነው" ከተባለም፣ ስሜቱ፣ ልምዱና ማስታወሱ የ7 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። እንደ ሕፃን ማባበል ያዋርደዋል።

አሁን ደግሞ በእኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም ነገር አለ፤ የዘመን አቆጣጠር። እነዚህ ውጤቶች የሚሰሉት ልጁን ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር በማወዳደር ስለሆነ ወራት እንኳ ለውጥ ያመጣሉ። የካቲት 5 ቀን 2012 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር የተወለደው ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2020 ነው፤ ልዩነቱ 8 ዓመት ነው። ኅዳር 2012 የተወለደው ግን ኖቬምበር ወይም ዲሴምበር 2019 ላይ ይወድቃል፤ ልዩነቱ 7 ነው። ለየካቲቱ ልጅ 7 ብቻ ከተደመረ አንድ ዓመት ትልቅ ተደርጎ ይቆጠራል። የ4 ዓመቱን ልጅ ከ5 ዓመት ልጆች ጋር ያወዳድሩትና ውጤቱ ያለ ጥፋቱ ዝቅ ይላል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈውን የልደት ቀን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በጣም ጠቃሚ ደቂቃ ናት።

መለኪያዎቹ ለማን እንደተሠሩም መጠየቅ ደግ ነው። አብዛኞቹ የተሠሩት አሜሪካና አውሮፓ ባሉ ልጆች ላይ ነው። አዶስ የሚባለው የታወቀ ምልከታ ለትንንሾቹ ልጆች የልደት በዓል ጨዋታ አለው። አሻንጉሊቷ የማስመሰያ ኬክ ይቀርብላታል፣ ሻማ እንደሚለኮስም ተደርጎ ይጫወታሉ። ዘጌ ውስጥ ወይም ጣና ዳር ባለ የዓሣ አጥማጅ ቤት ያደገ፣ ሻማ እፍ ሲባል አይቶ የማያውቅ ልጅ ዝም ቢል ብዙ አያስገርምም። የዓይን ነገርም አለ። እኛ ጋ ጨዋ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ሰበር ያደርጋል፣ እንግዳ ፊት ዝም ይላል። ጥሩ ባለሙያ ይህን ያውቃልና "ከእናቱ ጋር፣ ከእህቱ ጋር ሲጫወትስ?" ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ካልተጠየቀ እናት ራሷ ታንሳው። ልጁ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ካለውም ይታይ። ሆኖም "ባህላችን ነው" ማለት እውነተኛ ምልክትን መሸሸጊያም መሆን የለበትም። ከእናቱም፣ ከእህቱም፣ ከጎረቤት ልጆችም ጋር የማይግባባ ልጅ እርዳታ ያስፈልገዋል።

ከውጤቱ ጋር የመስማት ምርመራ መኖር አለበት። የማይሰማ ልጅም ሲጠሩት አይዞርም። የሚጥል በሽታ ከኦቲዝም ጋር አብሮ ስለሚታይ፣ ድንገት ዓይኑን አፍጥጦ የሚቀር ወይም የሚንቀጠቀጥ ልጅ ለሐኪሙ ይነገርለት። ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ መውሰዳቸውም የሚገባ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ግን ለጠበል ተብሎ አይቋረጥ። ድንገት ማቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል።

"ምን አድርጌ ነው?" የሚለው የእናት ጥያቄ ወረቀቱ ላይ መልስ የለውም። መልሱ አጭር ነው፤ ምንም አላደረግሽም። የኦቲዝም መነሻ በአብዛኛው በዘር ውርስ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የውጭ ሐኪሞች ራሳቸው "የእናት ፍቅር ማነስ ነው" ብለው ብዙ እናቶችን አስለቅሰዋል፤ ኋላ ሐሰት መሆኑ ታወቀ። ክትባትን የከሰሰው እ.ኤ.አ. በ1998 በሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍም እ.ኤ.አ. በ2010 ከመጽሔቱ ተሰርዟል። እርግማንም፣ የሰው ዓይንም አይደለም።

ምክሩ ላይ ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት አይጠበቅ። ሪስፐሪዶን የሚባለው መድኃኒት የሚታዘዝ ከሆነ ለከባድ ቁጣ ወይም ራስን ለመጉዳት ነው፤ ንግግር አያመጣም። ለልጁ የበለጠ የሚጠቅመው የንግግርና የመግባባት ሥልጠና ነው፣ ለወላጅ የሚሰጠው ሥልጠናም ጭምር። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል። ዋና ሐሳቡ የዕለት ሥራን የመግባቢያ ጊዜ ማድረግ ነው። ቡና ሲፈላ ስኒ በተራ እንዲያቀብል ማድረግ፣ ልብስ ሲታጠብ "ስጠኝ" እስኪል ወይም እጁን እስኪዘረጋ ትንሽ መጠበቅ። ይህ ስፔሻሊስት እስኪገኝ ድረስ ነገ ጠዋት የሚጀመር ሥራ ነው።

ገለጻው ውስጥ "ከቤት ይወጣል" ወይም "ውኃ ይወዳል" የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ግን ከሁሉም በፊት እሱ ይታሰብበት። ሳይታዩ ከቤት በሚወጡ የኦቲዝም ልጆች ላይ ለሞት ከሚዳርጉ አደጋዎች ዋነኛው መስጠም ነው። እኛ ደግሞ ከጣናና ከዓባይ ዳር ነው የምንኖረው። የግቢ በር መቀርቀሪያ ከልጁ ቁመት በላይ ይሁን። የሠፈሩ ባጃጅ ነጂዎች፣ የሱቁ ባለቤት፣ ጎረቤቱ ልጁን በመልክ ይወቁት። ይህን ለመንገር የሚያፍር ወላጅ አለ፤ እባካችሁ አትፈሩ። ልጁ ጠፍቶ ሲፈለግ መጀመሪያ ወደ ውኃው ይኬድ።

ለትምህርት ቤት ደግሞ ሙሉ ወረቀቱን መስጠት ግዴታ አይደለም። መምህሩ የሚፈልገው ልጁ በምን እንደሚረበሽ፣ በምን እንደሚረጋጋና እንዴት እንደሚጠይቅ ነው፤ ያን በአንድ ገጽ እንዲጽፍ ባለሙያውን መለመን ይቻላል። ዋናው ቤት ይቀመጥ፣ ኮፒው ይዙር። በትንሽነቱ የተመረመረ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ እንደገና ቢታይ መልካም ነው፤ ያኔ የድሮው ወረቀት ከአዲሱ ጋር ተነጻጽሮ ምን እንደተለወጠ ይታያል።