ካቶሊካዊ ባልና አባት በዘመናችን

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከምታስተምራቸው ሰባት ምሥጢራት መካከል አንድን ወንድ አባት የሚያደርግ የለም። ባል የሚያደርገው ግን አለ፤ ምሥጢረ ተክሊል። ስለ ካቶሊካዊ አባት የሚጻፈውና የሚሰበከው ሁሉ መነሻው ይኸው ነው። በላቲን ሥርዓት ተጋቢዎቹ ልጆችን ከእግዚአብሔር በፍቅር ለመቀበል ፈቃደኞች መሆናቸውን አስቀድመው ይጠየቃሉ። ቃል ኪዳኑ ራሱ ግን የሁለቱ ነው፤ ምሥጢሩንም እርስ በርስ የሚሰጣጡት እነርሱ ናቸው። በምሥራቅ ሥርዓቶች ደግሞ የካህኑ ቡራኬ የግድ ያስፈልጋል።

ሕጉ እዚህ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። በ1917 የወጣው የቀኖና ሕግ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጋብቻን ቀዳሚ ዓላማ ልጅ መውለድና ማሳደግ አድርጎ፣ የባልና ሚስትን መረዳዳት በሁለተኛ ደረጃ አስቀምጦ ነበር። ዛሬ የሚሠራበት የ1983ቱ ሕግ በቀኖና 1055 ላይ ደረጃ ማውጣቱን ትቷል። ጋብቻ ለተጋቢዎቹ መልካም ሕይወት፣ እንዲሁም ልጆችን ወልዶ ለማሳደግ የተመሠረተ የዕድሜ ልክ ኪዳን ነው ይላል፤ ተጋቢዎቹንም አስቀድሞ ይጠራል። ለልጆቹ ምንም ሳያጎድል ሚስቱን ለዓመታት አኩርፎ የኖረ ሰው እንግዲህ ሥራውን የጀመረው ከመካከል ነው።

ራስ መሆን ምን ማለት ነው?

የኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 5 በሠርግ ይነበባል፤ በቤት ውስጥ ጭቅጭቅም ይጠቀሳል። ብዙ ባሎች ቁጥር 22ን በቃላቸው ይዘው ቁጥር 25 ላይ ሲደርሱ ይጠፋባቸዋል። ሚስቶች እንዲገዙ የሚናገረው ክፍል በሦስት ቁጥሮች ያልቃል። ባሎች ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ወዶ ራሱን ስለ እርሷ እንደ ሰጠ ሚስቶቻቸውን እንዲወዱ የሚያዝዘው ግን እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ይዘልቃል። ከሁለቱም በፊት ያለው ቁጥር 21 ደግሞ እርስ በርስ ተገዙ ይላል።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1930 ስለ ጋብቻ በጻፉት መልእክት ባልን የቤተሰብ ራስ፣ ሚስትን ደግሞ ልብ ብለዋል። ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በ1988 መገዛቱ የሁለቱም እንጂ የሚስት ብቻ አለመሆኑን አስረዱ። እኚሁ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በ1981 ስለ ቤተሰብ ባወጡት ሐዋርያዊ ቃለ ምዕዳን አንቀጽ 25ን ለባሎችና ለአባቶች መድበው ሁለት ተቃራኒ ጥፋቶችን ጎን ለጎን አስቀምጠዋል፤ አንዱ ከቤት የጠፋ አባት ነው፣ ሌላው በቤት ውስጥ የሚጨቁን አባት። ፍራንቸስኮስ ደግሞ ነገሩን ወደ ዕለታዊ ኑሮ አውርደው ለባለትዳሮች ሦስት ቃላት ደጋግመው ይመክሩ ነበር፤ እባክሽ፣ አመሰግናለሁ፣ ይቅርታ። ተጣልቶ ማደርንም አጥብቀው ይቃወሙ ነበር።

እምነትን ማውረስ

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ቤተሰብን እንደ ቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ቆጥሮ ወላጆች በቃልና በምሳሌነት ለልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹ የእምነት አብሳሪዎች መሆናቸውን አወጀ። በቀኖና ሕጉም ልጆችን በሥጋም በነፍስም የማሳደግ ቀዳሚ መብትና እጅግ ከባድ ግዴታ የወላጆች ነው። ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲጠመቅ ማድረግ የእነርሱ ኃላፊነት ነው፤ ቆሞሱ (የቁምስናው፣ ማለትም የአጥቢያው ኃላፊ ካህን) ወይም የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ረዳት እንጂ ተተኪ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ1910 ፒዮስ 10ኛ ልጆች ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ ማለትም ማስተዋል ሲጀምሩ፣ ቅዱስ ቁርባን እንዲቀበሉ የፈቀደውን ድንጋጌ ሲያጸድቁ ልጁን ለመጀመሪያ ቁርባን የመፍቀድ ሥልጣን የተሰጠው ለሁለት ሰዎች ነበር፤ ለንስሐ አባቱና ለወላጅ አባቱ። ልጁ ተራውን እንጀራ ከቅዱስ ቁርባን መለየት መቻሉን መመስከር የሚችለው በየዕለቱ የሚያየው ሰው ነው የሚል ሐሳብ ከኋላው አለ። የ1983ቱ ሕግ ኃላፊነቱን ለሁለቱም ወላጆችና ለቆሞሱ አስፍቶታል። ቢሆንም ይህን ሁሉ ለሰንበት ትምህርት ቤት አስረክቦ በዕለቱ ካሜራ ይዞ ለሚመጣ አባት የ1910ሩን ድንጋጌ ማንበብ ይጠቅመዋል።

ተግባሩ ሲታይ ብዙም ጌጥ የለውም። ልጅ ከመተኛቱ በፊት አባት በአውራ ጣቱ ግንባሩ ላይ የመስቀል ምልክት ያደርግለታል፤ ይህ ቡራኬ ክህነት አይጠይቅም። ከምግብ በፊት ይጸለያል። የመቁጠሪያ ጸሎት የሚደርሱ ቤተሰቦች ሕፃናት እስኪለምዱ ድረስ በአንድ ምዕራፍ፣ ማለትም በአሥር ሰላምታዎች ይጀምራሉ፤ አምስቱን ምዕራፎች በአንድ ምሽት በሕፃናት ላይ መጫን መቁጠሪያውን የማስጠላት አጭሩ መንገድ ነው። እሑድ መሥዋዕተ ቅዳሴ መሳተፍ ግዴታ ቢሆንም ትምህርተ ክርስቶሱ (ቁጥር 2181) ሕፃን መንከባከብን በቂ ምክንያት አድርጎ ይቀበላል። ስለዚህ ባልና ሚስት ተራ ገብተው በተለያየ ሰዓት ቢያስቀድሱ እምነታቸው ቀዝቅዟል ማለት አይደለም። ከስብከት ሁሉ ይልቅ የሚሠራው ግን ልጆች አባታቸው ንስሐ ለመግባት ወረፋ ይዞ ሲጠብቅ ማየታቸው ይመስለኛል። በቤት ውስጥ ትልቁ ሰው ራሱ ይቅርታ የሚለምነው አካል እንዳለ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

የወሊድ ጉዳይ

ጳውሎስ 6ኛ ሐምሌ 25 ቀን 1968 ባወጡት ሁማኔ ቪቴ የተባለ መልእክት ሰው ሠራሽ የወሊድ መከላከያን ከልክለው፣ በቂ ምክንያት ያላቸው ባለትዳሮች ሴቷ የማትፀንስባቸውን ቀናት እየተከተሉ ልጆቻቸውን እንዲያራርቁ ፈቀዱ። ትምህርቱን የማይከተሉ ካቶሊካውያን እጅግ ብዙ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ የሚከተሉትም ቀላል ነው አይሉም። ለባልየው ትርጉሙ ግልጽ ነው። አውስትራሊያውያኑ ባልና ሚስት ሐኪሞች ጆንና ኤቭሊን ቢሊንግስ ባስፋፉት ዘዴ ሴቷ የማኅፀን በር ፈሳሿን ለውጥ እየተከታተለች ማታ ማታ በሠንጠረዥ ላይ ትመዘግባለች፤ አንዳንድ ባሎች መዝገቡን ራሳቸው ይይዛሉ። ሠንጠረዡ ታቀቡ በሚልበት ቀን መታቀብ የሁለቱም ነው። የወሊድ ጉዳይ የሴት ብቻ ነው ብሎ ዞር ማለት በዚህ መንገድ ላይ አይቻልም፤ ከትምህርቱ ጋር የማይስማማ ሰው እንኳ ይህን አይክድም።

ሥራና ከቤት መጥፋት

ሊዮን 13ኛ በ1891 ስለ ሠራተኞች ሲጽፉ ደመወዝ ሠራተኛውን ከነቤተሰቡ ማኖር አለበት ብለው ተከራከሩ። ፒዮስ 12ኛ በ1955 ሜይ 1 የሠራተኛው የቅዱስ ዮሴፍ በዓል እንዲሆን ወሰኑ። እንጀራ ማቅረብ የአባት ቅድስና ክፍል ነው ማለት ነው። ነገር ግን ፍራንቸስኮስ በ2016 ባወጡት ስለ ቤተሰብ ፍቅር የሚናገር ቃለ ምዕዳን አባቶች በሥራቸው እጅግ ተጠምደው ቤተሰባቸውን ችላ እንደሚሉ አስጠንቅቀዋል፤ በመዝናኛና በመገናኛ ብዙኃን የሚያልቀውንም ጊዜ ጨምረውበታል። አባት ይገኝ ሲባል ይቆጣጠር ማለት እንዳልሆነም አክለዋል። በስልክ አማካይነት ሥራው ራት ገበታ ላይ አብሮት የሚቀመጥ አባት በአካል ቤት ስላለ ብቻ ተገኝቷል አይባልም።

ሁለት ባሎች

ፈረንሳዊው ሉዊ ማርቲን በአላንሶን ከተማ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ደንበኛ ቢቀርበትም እሑድ ሱቁን አይከፍትም። ባለቤቱ ዜሊ የዳንቴል ሥራ ታካሂድ ነበር። የእርሷ ሥራ ሲሰፋ በ1870 ገደማ የራሱን ሱቅ ለእህቱ ልጅ አስተላልፎ እርሷን ማገዝ ያዘ፤ ለዘመኑ ወንድ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ከዘጠኝ ልጆቻቸው አራቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ የተረፉት አምስቱ ሴቶች ሁሉም መነኮሱ፤ የልስዩዋ ቅድስት ቴሬዛ አንዷ ናት። ባልና ሚስቱ ጥቅምት 18 ቀን 2015 አብረው ቅዱሳን ተብለው ታወጁ።

የኦስትሪያዊው ገበሬ የፍራንዝ ዬገርሽቴተር ታሪክ ግን አይመችም። ከጋብቻ በፊት ልጅ ወልዷል። በ1936 ፍራንዚስካን ካገባ በኋላ ጸሎተኛ ሆነ፤ ሦስት ሴቶች ልጆችም ተወለዱላቸው። ለሂትለር ጦር መዋጋት ኃጢአት ነው ብሎ ሲያምን የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ሳይቀሩ የቤተሰብ ኃላፊነቱን አስቦ ተቃውሞውን እንዲተው መከሩት። በመጋቢት 1943 ተጠርቶ አልዋጋም አለ። ወደ እስር ቤት ሚስቱ የላከችለት ፎቶግራፍ ላይ ሦስቱ ልጆች ቶሎ ና የሚል ጽሑፍ ይዘው ቆመዋል። ነሐሴ 9 ቀን 1943 አንገቱ ተቀላ። ሐሳቡን እንዲለውጥ መጀመሪያ ለምናው የነበረችው ፍራንዚስካ በኋላ ከጎኑ ቆማለች፤ ከጦርነቱም በኋላ የመበለት አበል ለዓመታት ተከልክላለች። በ2007 በሊንዝ ካቴድራል ብፁዕነቱ ሲታወጅ እርሷም ተገኝታ ነበር።

ልጆቹን ጥሎ ሄደ የሚሉ አሉ። በእኔ እይታ የዚህን ሰው ታሪክ በሌላ አባት ላይ እንደ መለኪያ መጫን ጭካኔ ነው፤ ቤተሰብ ስላለኝ ብሎ ለክፉ ነገር ሁሉ እጅ መስጠትን ምክንያታዊ አድርጎ ማቅረብ ግን ከእርሱ በኋላ ከብዷል።

ሲሰበርና ሲደገፍ

ሁሉም ቤት አንድ አይደለም። የተፋታ ካቶሊካዊ ከቤተ ክርስቲያን አልተለየም፤ እንደገና ካላገባ በመፋታቱ ብቻ ከቅዱስ ቁርባን አይከለከልም። ጋብቻው ከመጀመሪያው ያልጸና መሆኑን የሚመረምረው የቤተ ክርስቲያን ችሎት ሥርዓት በ2015 ቀለል ተደርጓል። ሚስቱ የሌላ ቤተ እምነት ተከታይ የሆነች አባት ደግሞ ልጆቹ ካቶሊክ ሆነው እንዲጠመቁና እንዲያድጉ የሚችለውን ሁሉ ለማድረግ ቃል ይገባል።

ድጋፉም አለ። በ1882 አባ ማይክል ማክጊቭኒ በአሜሪካ የኮሎምበስ ባላባቶች የተባለውን የወንዶች ማኅበር የመሠረቱት አባት ሲሞት ሜዳ ላይ ለሚቀሩ መበለቶችና ልጆች ለመድረስ ነበር። ከፈረንሳዊው ካህን ከአንሪ ካፋሬል ጋር የተጀመሩት የእመቤታችን ቡድኖች ደግሞ ባልና ሚስት በየወሩ ቁጭ ብለው በእግዚአብሔር ፊት ስለ ትዳራቸው እንዲነጋገሩ ያስገድዳሉ። ስብሰባና ኮሚቴ ለሚወድ፣ ለቁምስናው ሁሌም ጊዜ ኖሮት ለቤቱ ለሚያጣ ሰው ይህ ከሁሉ የሚከብድ ነው። ቋሚ ዲያቆን (ወደ ቅስና የማያልፍ ዲያቆን) ልሁን ቢልም ሕጉ አይለቀውም፤ ያገባ ሰው ቢያንስ 35 ዓመት ሞልቶት የጋብቻ ማስረጃውንና የሚስቱን ፈቃድ ካላቀረበ ማዕረጉ አይሰጠውም።