«ሰኔ ላይ ደህና ነበር እኮ!» ክረምት ሲወጣ ስለ ጀልባ ሞተር የምንሳሳታቸው ነገሮች

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ጋብ ሲል ጣና ዳር የማይቀር ድምፅ አለ፣ የሞተር ገመድ ሲጎተት። ጠርርር... ጸጥ። ጠርርር... ጸጥ። ከዛ ስድብ። ከሰኔ ጀምሮ ላስቲክ ለብሶ ጥግ ላይ የቆመ ሞተር ጀልባው ላይ ይታሰርና ሰው ተሳፍሮ እየጠበቀ አልነሳም ይላል። እኔና ወንድሜ አንዲት ትንሽ ጀልባ አለችን፣ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ ያማሃ ነው ያላት፣ ከባህር ዳር ደብረ ማርያም፣ ዘጌ ስትል ነው የምትውለው፣ አሁን አሁን ደሞ እንግዳው ስለቀነሰ ከስራዋ እረፍቷ ይበዛል። ያየሁት ነገር ቢኖር ይሄን ሞተር ከስራው ይልቅ ቁጭ ማለቱ ነው የሚገለው። ወደቡ ላይ ሁሌ የምንባባላቸውን (ግማሹን እኔም ብዬዋለሁ) ላንሳቸው።

«ዝም ብሎ ስለተቀመጠ ምን ይሆናል?»

ብዙ ይሆናል። ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው እቃ) ውስጥ የቀረችው ቤንዚን ቀስ እያለች ትተንና እንደ ማር የሚያጣብቅ ነገር ትታ ትሄዳለች፣ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ደሞ መርፌ ታህላለች፣ በቃ ተደፈነች ማለት ነው። ምልክቱ ቾክ ስትስብ ይነሳል፣ ቾኩን ስትመልሰው ይጠፋል። መድሃኒቱ ቀላል ነበር፣ ሰኔ ላይ ከማሳረፋችን በፊት በርሜል ውሃ ውስጥ አስነስተን የቤንዚኑን ቱቦ ነቅለን በራሱ ጊዜ እስኪጠፋ መተው። ግን ማን ያረጋል፣ በመጨረሻው ቀን ሁሉም ቤቱ ለመግባት ይቸኩላል።

ጀሪካን ውስጥ የከረመው ቤንዚንም ቤንዚን ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ። ሶስት አራት ወር የቆየ ቤንዚን ሽታው ራሱ ይቀየራል፣ ቀለም ቀለም ይላል። ጀሪካኑ ግማሽ ሆኖ ከከረመ ደሞ በክረምቱ ርጥበት ውስጡ ያልበዋል፣ ውሃው ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል፣ ሞተሩ የሚስበው ደሞ ከታች ነው። በተለይ ማደያ ቤንዚን ጠፍቶ ከመንገድ ዳር ስትገዙ ትንሽ በሃይላንድ ቀድታችሁ አቁሙትና እዩት፣ ታች የተለየ መስመር ከሰራ ውሃ አለው።

«አልነሳ ካለ ካርቡሬተሩ ነው»

ይሄ እኔን ገንዘብ ያስወጣኝ ነው። አንዴ ሞተሩ አስር ደቂቃ ይሄድና ይጠፋል፣ ትንሽ ቆይተን ስንጎትተው ይነሳል፣ ደሞ አስር ደቂቃ። አንድ ልጅ ካርቡሬተሩን ሁለት ጊዜ ፈቶ አጠበው፣ ሁለቴ ከፈልኩ፣ በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ጀልባ ነጂ አየት አደረጉንና «አንተ ልጅ፣ የታንኩን መተንፈሻ ከፍተኸዋል?» አሉኝ። የነዳጅ ታንኩ ክዳን ላይ ያለችው ብሎን ተዘግታለች! አየር ካልገባ ቤንዚን አይወጣም፣ ያቺ የቤንዚኑ ቱቦ ላይ ያለችው የምንጨምቃት ፊኛ ራሷ ጭምትርትር ብላ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላየሁት።

ስለዚ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት የደህንነት ክሊፗ (ነጂው ቢወድቅ ሞተሩን የምታጠፋዋ) ቦታዋ ላይ ናት ወይ (እሷ ከወጣች እስከ ጥምቀት ብትጎትቱት አይነሳም)፣ መተንፈሻው ተከፍቷል ወይ፣ ፊኛዋ ስትጨመቅ ትጠነክራለች ወይ። ከዛ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) ፈታችሁ እዩ። ቡናማ ከሆነ ጥሩ፣ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል።

«ለአንድ ደቂቃ መሬት ላይ ብናስነሳው አይጎዳም»

ይጎዳል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ ከሀይቁ የምትስብ ባለ ክንፍ ጎማ አለች፣ ቅባቷም ማቀዝቀዣዋም ውሃው ራሱ ነው፣ በደረቅ ከዞረች ደቂቃ ሳይሞላ ትቃጠላለች። እኔ ያሰራሁበት አንድ ጋራዥ «ድምፁን ልስማው» ብሎ ደረቅ መሬት ላይ አስነስቶ ሁለት ሶስቴ ጋዝ ሰጥቶ «ደህና ነው ውሰደው» አለኝ፣ እኔም አመስግኜ ወሰድኩት፣ ወደ ዘጌ ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ሞተሩ እንደ ምጣድ ጋለ። ጊዜው ከሰአት ነበር፣ ጣና ከሰአት ንፋስ ሲነሳበት ታውቁታላችሁ፣ በመቅዘፊያ የተመለስነውን መመለስ እስካሁን ወንድሜ ያነሳብኛል። ሲፈታ ከጎማዋ ክንፎች ሁለቱ የሉም፣ ስባሪያቸው የውሃ መንገዱን ዘግቶታል።

ሙከራ በርሜል ውስጥ ነው፣ ውሃው የመሳቢያ ቀዳዳዎቹን በደንብ መሸፈን አለበት። ሳትሰሩ ብትከርሙም ጎማዋ ታጥፋ እንደቆመች ስለምትደርቅ በየአመቱ ወይ በሁለት አመት መቀየር ነው። ግልገል አባይና ጉማራ በክረምት የሚያመጡት ደለልም ይበላታል።

«ውሃ እየተፋ አይደለም፣ ሞተሩ አለቀለት»

ቆይ፣ ሞተሩን አቀዝቅዞ የሚወጣው ውሃ የሚተፋው በትንሽ ቀዳዳ ነው፣ መጀመሪያ ቀጭን ሽቦ ቀዳዳዋ ውስጥ ክተቱ። ክረምቱን ጭቃ የምትሰራዋ ተርብ ቤት ሰርታባት ይሆናል። ካልሆነም እምቦጭ መሳቢያው ላይ ተለጥፎ እንደሆነ እዩ፣ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ይሄም አንዱ ጣጣችን ሆኗል።

«ዘይት በዛ ሲል ሞተር ይወዳል»

አይወድም። ቱ ስትሮክ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚወስደው፣ የኛ ሞተር 50 ለ 1 (ሃምሳ ቤንዚን ለአንድ ዘይት) ነው የሚለው፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት። ዘይት ሲበዛ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ፒስተኑ ላይ ከሰል ይጋገራል። የመኪና ዘይት ቀላቅሎ የሚነዳም አለ፣ የመኪና ዘይት ተቃጥሎ እንዲያልቅ አልተሰራም፣ አመድ ይተዋል። የጀልባ ቱ ስትሮክ ዘይት ቆርቆሮው ላይ ቲሲ ደብሊው 3 የሚል አለው።

«ጉልበቱ የቀነሰው አርጅቶ ነው»

ሊሆን ይችላል፣ ግን አዲስም ሆኖ ወረቀቱ ላይ ያለውን ጉልበት እዚህ አይሰጣችሁም። ጣና ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተር ደሞ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 15ቱ ፈረስ እኛ ጋ ሲደርስ 12 ምናምን ነው ማለት ነው፣ ሶስቱ ፈረስ መንገድ ላይ ቀርተዋል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ስለሚበዛበትም ካንዴላ ቶሎ ይጠቁራል። የሚያውቅ ሰው የካርቡሬተሩን ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ) አነስ ያደርጋል ወይ ፕሮፔለሩን ለከፍታ በሚሆን ይቀይራል፣ የማያውቅ ሞተር አውርዶ ፒስተን ይፈታል።

«የታችኛው ማርሽ ቤት አይነካም»

ይነካል። የናይለን መረብ ክር ፕሮፔለሩ ኋላ ይጠመጠምና ዘይት የሚያግደውን ጎማ ይቆርጠዋል፣ ከዛ ውሃ ይገባል። የታችኛውን ብሎን ላላ አድርጉ፣ ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ከወጣ ገብቶበታል። ስትሞሉት ከታች ነው የሚሞላው፣ በላይኛው ቀዳዳ እስኪፈስ፣ ከላይ ከሞላችሁ አየር ይታፈንበታል።

«መኪና የሚሰራ ሁሉ የጀልባ ሞተር ይሰራል»

አንዳንዱ ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። ግን እኔ አሁን የማየው ሜካኒኩ ከመፍታቱ በፊት የሚጠይቀውን ነው። ያሁኑ ሰውዬ ጋ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሞተሩን ሳይነካ «መጨረሻ ሲሰራ እንዴት ነበር የጠፋው? ቀስ እያለ ነው ወይስ ድንገት?» አለኝ። ቀስ ብሎ ከሞተ ወደ ነዳጅ፣ ድንገት ቀጥ ካለ ወደ ኤሌክትሪክ ያዳላል። ከዛ የሁለቱን ሲሊንደር ጭመቃ በጌጅ ለካ፣ ቁጥራቸው የተቀራረበ ነበር፣ «ፒስተን አትግዛ» ብሎ መለሰኝ፣ ያን ቀን ደንበኛው ሆንኩ። የቀየረውን አሮጌ እቃ እጄ ላይ ይሰጠኛል፣ ዋጋ ቀድሞ ይናገራል፣ ሲጨርስ በርሜል ውስጥ ከዛ ሀይቁ ላይ አብሮኝ ወጥቶ ነው የሚያስረክበኝ። «ተወው እኔ አውቃለሁ» ከሚለው ይሻላል፣ ያኛው ከፍቶ በላስቲክ ያስራል።

እሱም ቢሆን መስከረም ላይ ከሄዳችሁ ሰልፍ ነው፣ የሁሉም ሞተር በአንድ ሳምንት ነው የሚታመመው፣ እቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ደሞ ሌላ ጥበቃ። እኔ አሁን ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው የምወስደው። ሞተሩ ጀልባው ላይ በሚታሰርበት ብረት ጎን ያለችውን ሞዴልና ቁጥር የተጻፈባት ሳህን በስልክ ፎቶ አንስቼ ይዣለሁ፣ «ለ15 ያማሃ ጎማ» ብዬ በቃል ያዘዝኩ ጊዜ የመጣልኝ የሌላ ሞተር ሆኖ እስካሁን ቤት መሳቢያ ውስጥ አለ፣ የሚሆነው ካለ ይውሰደው።