ኤሪክ ኦዘር፦ የ«አባትና ልጅ» ሠዓሊ

ኤሪክ ኦዘር በብዕር ስሙ ኤ. ኦ. ፕላወን እየተባለ የሚታወቅ፣ በጀርመን ሕዝብ ዘንድ እጅግ ከተወደዱ የካርቱን ሠዓሊዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1903 ከጉምሩክ ሠራተኛ አባት በሳክሶኒ ግዛት ተወልዶ ፕላወን በተባለችው የዳንቴል ከተማ አደገ። በወጣትነቱ የብረታ ብረት ሙያ ቢማርም ልቡ ወደ ሥዕል አደላና ላይፕዚግ ወደሚገኘው የግራፊክ ጥበብ አካዳሚ ገባ።

በላይፕዚግ ዘመኑ ከደራሲው ኤሪክ ኬስትነርና ከጋዜጠኛው ኤሪክ ክናውፍ ጋር የማይላላ ወዳጅነት መሠረተ። በ1927 ኬስትነር የጻፈውና ኦዘር ሥዕል የሠራለት አንድ የፍቅር ግጥም ቁጣ በማስነሳቱ ኬስትነር ከጋዜጣ ሥራው ተባረረ፤ ሁለቱም ኑሯቸውን ወደ በርሊን አዞሩ። እዚያም ኦዘር የኬስትነርን የግጥም መድበሎች በሥዕል አስጌጠ፣ ለሶሻል ዴሞክራቶች ጋዜጣም የናዚውን መሪ ሂትለርንና የፕሮፓጋንዳ ሹሙን ጎብልስን የሚያላግጡ ሥዕሎች ሠራ።

ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ይህ አልተረሳለትም። በ1934 አባል ሳይሆኑ መሥራት ወደማይቻልበት የሙያ ማኅበር እንዳይገባ ተከለከለ፤ ሆኖም አንድ ሳምንታዊ ሥዕላዊ መጽሔት በብዕር ስም እንዲሠራ በር ከፈተለት። የስሙን የመጀመሪያ ፊደላት ካደገባት ከተማ ስም ጋር አጣምሮ «ኤ. ኦ. ፕላወን» የሆነው ያን ጊዜ ነው። «አባትና ልጅ» የተሰኘው ተከታታይ ሥራው ከዲሴምበር 1934 እስከ ዲሴምበር 1937 ወጣ። አባትየው ራሰ በራ፣ ቦርጫምና ሪዛም ሲሆን ልጁ ጸጉሩ እንደ ጃርት እሾህ የቆመ ነው። ታሪኮቹ ከርዕሳቸው በቀር ከሞላ ጎደል ቃል የላቸውም። በአንደኛው ምግብ ቀርቦ ልጁ ሲጠፋ አባት ሊጠራው ይሄዳል፤ ልጁን ወለል ላይ በደረቱ ተኝቶ መጽሐፍ ሲያነብ ያገኘውና ወደ ማዕድ ይልከዋል። አሁን ደግሞ የሚጠፋው አባት ነው፤ ልጁ ተመልሶ ቢያይ በዚያው ቦታ፣ በዚያው አኳኋን ተዘርግቶ መጽሐፉን ይዟል። ልጅን መቆጣት የአባት ግዴታ ተደርጎ በሚታይበት ዘመን እንዲህ ያለ አባት መሣሉ የኦዘርን ልብ ያሳያል። በመጨረሻው ታሪክ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከምድር ይርቁና አባት ጨረቃ፣ ልጅ ኮከብ ይሆናሉ።

ከ1940 ጀምሮ ጎብልስ ባቋቋመው ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን ባላንጣዎች የሚያጣጥሉ ካርቱኖች ሣለ። ለእንጀራው ሲል ነው የሚሉ አሉ፤ ሥዕሎቹ ግን ለናዚ ፕሮፓጋንዳ መዋላቸው አያከራክርም።

ቤቱ በቦምብ ከወደመ በኋላ ከክናውፍ ጋር በበርሊን ዳርቻ ተጠግቶ ይኖር ነበር። ጆሮው ከባድ ስለነበር ጨዋታቸው ጮክ ይል ነበርና በመሪዎቹ ላይ የሚቀልዱትን ጎረቤት ሰምቶ ጠቆመባቸው። በማርች 1944 ተያዙ። ኦዘር ጓደኛውን ለማዳን ጥፋቱን በራሱ ላይ አድርጎ ጻፈና፣ ዳኛው ፍራይስለር በሚመራው የናዚዎች የፖለቲካ ችሎት፣ «የሕዝብ ፍርድ ቤት» ፊት ሊቀርብ ሲል በኤፕሪል 6 ዋዜማ ሌሊት በእስር ክፍሉ ራሱን አጠፋ። ጽሑፉ ክናውፍን አላዳነውም፤ በሜይ 2 ተገደለ፣ የግድያው ወጪም ከሚስቱ ተጠየቀ።

ፕላወን ዛሬ ሥራዎቹን በስሙ በተሰየመ ቤት ታሳያለች፤ ከ1995 ጀምሮም በብዕር ስሙ ሽልማት ይሰጣል።