የመጨረሻው ስም የማን ስም ነው?

ከመንዝ ወጥቶ አሜሪካ የገባ ሰው ፓስፖርቱ ላይ «ከበደ ደምሴ ወልደ ጊዮርጊስ» ይላል እንበል። ደምሴ አባቱ፣ ወልደ ጊዮርጊስ አያቱ ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንዳለው ቢደነግግም ልማዱ አልተለወጠም። ውጭ አገር ግን የመጨረሻው ስም ባለበት ይቆምና ለልጅ ልጅ ያልፋል። ስለዚህ የጎሳ ወይም የአገር ስም ሳይሆን የአንድ ሰው ስም ነው። የሚያሳዝነው «ወልደ» ተቆርጦ «ጊዮርጊስ» ብቻ ሲቀር ነው፤ ያ የቅዱሱ እንጂ የአያት ስም አይደለም።

የዘር ሐረግ ፍለጋው ከቤተሰቡ የመጀመሪያ ስደተኛ ይጀምር። ስሙን በአማርኛ ፊደል ከተጻፈ ሰነድ ይቅዱ፤ በላቲን ፊደል «ጠ»ና «ተ»፣ «ቀ»ና «ከ» ይምታታሉ። የልደት ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ 7 ወይም 8 ይደመርበታል። የክርስትና ስሙንም ይጠይቁ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው በዚያ ነው።

«መንዝ» ብቻ ማለት አይበቃም። ማማ ነው፣ ላሎ ነው ወይስ ጌራ? አጥቢያውስ?

ሽማግሌ ሐረግ ሲቆጥር መሐል ላይ የሴት ስም ቢጠራ ተሳሳተ አይበሉ። የመንዝ ርስት መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለነበር፣ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ሰው የሁለቱንም ወገን ትውልድ መቁጠር ነበረበት። በአባት ብቻ የሚፈልግ ግማሹን ዘመዱን ያጣል።